አደባባዩ ተጠርጎ አደረ

«ኤል ኒኖን አብረን እንይ» ስትለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ድርቅ ነው። ለእኛ ሌላ ምን ሊመጣብን ይችላል? በ2008 ዓ.ም. ያ ስም ከሬዲዮ አልወርድ ብሎ ነበር። ክረምቱ ቀረ፣ ከብቱ አለቀ፣ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ። እኛም እዚህ ኒውዮርክ ሆነን በየቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ እናዋጣ ነበር። ስሙን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ የተሰነጣጠቀ መሬት ነው።

የጋበዘችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሜክሲኳዊት ነች። የሌሊት ፈረቃ አብረን እንገባለን። ግራ መጋባቴን አይታ፣ ኤል ኒኖ በስፓኒሽ «ሕፃኑ» ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። ሕፃኑ ኢየሱስ። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች በገና ሰሞን የባሕሩ ውኃ ሲሞቅና ዓሣው ሲጠፋባቸው ነገሩን በሕፃኑ ስም ጠሩት። እኛ ዘንድ የደረሰው ስሙና ድርቁ ነው። ገናው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ትኬቱ ግን የሙዚቃ ነበር። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን አዳምስ ስለ ክርስቶስ ልደት የጻፈው ሥራ ነው። ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያቀርበው ነው፤ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2016። ሆሣዕና ሊገባ አምስት ቀን ቀርቶታል። በሁዳዴ ገና! መሄዱ ልክ ነው ወይ ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። በመጨረሻ «ስለ ልደቱ መስማት ምን ክፋት አለው» ብዬ ሄድኩ።

ይኸው ከዚያ ምሽት ወዲህ አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል። ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል።

አንድ መልአክ በሦስት ድምፅ

ሜት፣ ማለትም ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ ገብታችሁ የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ። ከመጀመሩ በፊት አዳራሹ ውስጥ ዝቅ ብለው የተንጠለጠሉት የክሪስታል መብራቶች ቀስ እያሉ ወደ ጣሪያው ይወጣሉ። እየወጡ ይደበዝዛሉ። ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ዝም ይላል። ከፊታችሁ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ትንሽ ስክሪን አለች፤ የሚዘፈነውን እየተረጎመች ታሳያለች። ያቺ ስክሪን ናት ኋላ ላይ እንቅልፍ የነሳችኝ።

ኦራቶሪዮ የሚሉት መንፈሳዊ ታሪክን በድምፅና በኦርኬስትራ ብቻ ማቅረብ ነው። ዘማሪዎቹ ቆመው ይዘምራሉ፤ ትወና የለውም። ኦፔራ ደግሞ ይተወናል። አዳምስ ኤል ኒኖን ለሁለቱም እንዲሆን አድርጎ ነው የሠራው። መጀመሪያ የቀረበው ፓሪስ፣ ሻትሌ ቲያትር ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ.፣ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ሰሞን። ቃሉን ከዳይሬክተሩ ከፒተር ሴላርስ ጋር ሆኖ ከየቦታው ለቀመው። የሉቃስ ወንጌል አለበት። ትንቢተ ሐጌ አለበት። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረች ጀርመናዊት መነኩሲት መዝሙር አለበት። የማርያምን ታሪክና የስደቷን ነገር የሚተርኩ፣ ምዕራባውያን ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ያደረጓቸው የጥንት ጽሑፎችም አሉበት። ከሁሉ በላይ ግን የላቲን አሜሪካ ሴት ገጣሚዎች አሉበት። ይሄን በጣም ወድጄለታለሁ። ስለ መውለድ ያልወለደ ሰው ብቻ ሲያወራ ኖሯል።

ከዚያ ሦስት ወንዶች አብረው ወጡ። ድምፃቸው እንደ ሴት ቀጭን ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ገብርኤልን ሆኑ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ከላይ ያርፍበታል። ድምፁ ከየትኛው አፍ እንደወጣ አይለይም። ቅዱስ ገብርኤልን ከልጅነቴ ጀምሮ በሥዕል ነው የማውቀው፤ ክንፉን፣ ሰይፉን። በድምፅ አስቤው አላውቅም ነበር። መልአክ ሲናገር ምን ይመስላል ብሎ የሚጠይቀኝ ልጅ ቢመጣ አሁን የምነግረው አለኝ።

ማርያምም አንዲት ሴት ብቻ አይደለችም። ሶፕራኖዋ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ) ጁሊያ ቡሎክና ሜዞ ሶፕራኖዋ (ከእሱ ዝቅ የሚለው) ጄናይ ብሪጅስ እየተቀባበሉ ማርያምን ይሆናሉ። አዘጋጇ ሊሊያና ብሌን ክሩዝ፣ ኦርኬስትራውን የመራችው ማሪን አልሶፕ፣ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ከግጥሞቹ የያዘኝ የሜክሲኮዋ የሮሳሪዮ ካስቴላኖስ ነው። አንዲት እናት በሆዷ ስላለው ልጅ ትናገራለች። እንደ ማንኛውም እንግዳ አስቸገረኝ ትላለች። ቦታዬን ያዘብኝ፣ ጉርሻዬን ለሁለት አስከፈለኝ ትላለች። ርዕሱ ላይ ያለው ስም ገብርኤል ነው። የገጣሚዋ ልጅም ስሙ ገብርኤል ነው። እናቴ ስለ እርግዝናዋ ስታወራ ልክ እንደዚህ ነበር፤ ፍቅሩም ምሬቱም በአንድ አፍ። በቅዱስ ታሪክ መሃል እንዲህ ያለ የጓዳ እውነት ሲገባ ደስ አለኝ።

በዕረፍቱ ባልደረባዬ ቸኮሌት ሰጠችኝ። እየጾምኩ እንደሆነ ስነግራት ይቅርታ ጠይቃ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። የራሷንም አልበላችም። እስከዚያ ድረስ በዓል ነበር።

ማንም

ሁለተኛው ክፍል የሄሮድስ ነው። ሰብአ ሰገል መጡ፣ ሄሮድስ ፈራ፣ ሰይፍ ተመዘዘ። ይህ ታሪክ እኛ ዘንድ ቦታ አለው። የተገደሉት ሕፃናት 144 ሺህ ናቸው ይባላል። በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ በወርኃ ጽጌ፣ ሰቆቃወ ድንግል ሲዜም የእመቤታችንን ስደት፣ ጥማቷን፣ ድካሟን እየሰማን አድገናል። ስለዚህ መዘምራኑ የሕፃናቱን መገደል ሲያሰሙ አልደነገጥኩም። የማውቀው ኀዘን ነው ብዬ ተደላድዬ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ ቤተልሔም ጠፋች።

ሶፕራኖዋ በስፓኒሽ ጀመረች። ዓይኔ ወደ ስክሪኗ ሄደ። ስለ ጨለማ ይላል። ዓመፅ ጨለማ እንደሚፈልግ ይናገራል። ቀጥሎ ደግሞ ቀን መጣ፤ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2። ቀኑ እስኪመሽ ድረስ ጠበቀ ይላል። ግራ ገባኝ። የሄሮድስ ግድያ በልቤ ቀን የለውም፤ «በዚያ ዘመን» ነው። ይሄ ቀን አለው። ወደ ባልደረባዬ ዞር ስል ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ገጥማ ይዛለች። ስክሪኗን አታይም። አያስፈልጋትም።

ነገሩ የሆነው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ሜክሲኮ ሲቲ፣ ትላቴሎልኮ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የሦስቱ ባህሎች አደባባይ። ተማሪዎች ለስብሰባ ወጡ። አመሻሹ ላይ ወታደር ከበባቸው። ተኮሰባቸው። ስንት እንደሞተ ዛሬም ያከራክራል። ካስቴላኖስ ግጥሙን የጻፈችው ለዚያ ቀን መታሰቢያ ነው። አዳምስ ደግሞ አንስቶ ከሄሮድስ ሕፃናት አጠገብ አስቀመጠው። በመሃል የሚያብራራ የለም፤ «ይህም እንደዚያ ነው» የሚል የለም። የቤተልሔም ሕፃናት ተገደሉ፣ ወዲያው ሜክሲኮ ነን።

ግጥሙ ማነው እያለ ይጠይቃል። የገደለው ማነው? የሞተው ማነው? መልሱ «ማንም» ነው። በማግስቱም ማንም። ከዚያ ስክሪኗ ላይ ይሄ መጣ፤ አደባባዩ ተጠርጎ አደረ፤ ጋዜጦቹ ዋና ዜና አድርገው ያወጡት የአየሩን ጠባይ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የቀረሁት። ሙዚቃው ቀጠለ፣ እኔ ግን አልቀጠልኩም። ተጠርጎ አደረ። ታዲያ መጥረጊያውን የያዘው ማን ነው? ሌሊት ሰው ተቀስቅሶ ና ጥረግ ተብሏል ማለት ነው። ውኃ የደፋ አለ። ሰው ሲሮጥ ጫማው ይወልቃል፤ ያንን ጫማ የለቀመ አለ። ምናልባት ጥንድ ጥንዱን ለማገናኘት የሞከረ አለ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ቁርሱን በልቷል። የገደለውን መገመት አይከብደኝም። የከበደኝ የጠረገው ነው። ስለ እሱ ማንም አይጽፍም። እሱ ባይኖር ግን ጠዋት ያለፈ ሰው ሁሉ ያይ ነበር።

የጋዜጦቹ ዋና ዜና የአየሩ ጠባይ ነበር። እኔም ኤል ኒኖ ሲሉኝ የሰማሁት የአየሩን ጠባይ ነው።

ግጥሙ ግን በ«ማንም» አያልቅም። ወደ መጨረሻው ላይ ቃሉ ይገለበጣል። አስታውሳለሁ ይላል፤ ቀጥሎ እናስታውሳለን ይላል። ፍትሕ በመካከላችን እስክትቀመጥ ድረስ። መዘምራኑ ከሶፕራኖዋ ኋላ ሆነው ሲነሱ ጀርባዬን በረደኝ። ማንም የነበረው እኛ ሆነ።

በዚያ መሃል አእምሮዬ የፈረንጁን ዘመን ወደ እኛ እየመለሰ ነበር። ይሄ ልማድ ከሁላችንም አይለቅም። 1968፣ ጥቅምት 2። በእኛ መስከረም 22 ቀን 1961። ሜክሲኮ። 1961። ቁጥሩን ሳልጨርሰው አባቴ ታየኝ።

የአባቴ ሜክሲኮ

ያደግሁት ከሜክሲኮ አደባባይ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ነው። ልጅ ሆኜ አደባባዩ የተሰየመው ለማሞ ወልዴ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ማራቶን ድል ይመስለኝ ነበር። ሜክሲኮ የጣልያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች የተሰጠ የምስጋና ስም መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እነሱም ከተማቸው ውስጥ የኢትዮጵያ አደባባይ አላቸው። የሜትሮ ጣቢያ ሳይቀር በስማችን ይጠራል።

አባቴ ግን ሜክሲኮ ሲል ማሞ ማለቱ ነው። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶው በፍሬም ተሰቅሎ ነበር። ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ። እሑድ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961። አበበ ቢቂላ እግሩን አሞት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ማሞ ቀጠለ። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ። ሁለተኛ የወጣውን ጃፓናዊ በሦስት ደቂቃ ቀደመው። 36 ዓመቱ ነበር። አባቴ ያኔ ጎረምሳ ነው፤ ወሬውን የሰማው ጎረቤት ሬዲዮ ላይ ነው። እዚህ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረችው። «ከተማዋ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ለእኛ ነው።»

አየሩ። አባቴም ስለ አየሩ ነበር የሚነግረን።

ኦሊምፒኩ የተከፈተው ከትላቴሎልኮ አሥር ቀን በኋላ ነው። ማሞ የሮጠው ከዚያ ስምንት ቀን ቆይቶ። ማለትም ማሞ የሮጠው በተጠረገ ከተማ ላይ ነው። ማሞን የምወቅሰው አይምሰላችሁ። ሯጭ ነው፤ አገሩ ሩጥ አለችው፣ ሮጠ። ድሉም ድል ነው፤ የሚቀንሰው የለም። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ስለዚያች ከተማና ስለዚያ ወር የሰማሁት ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ከጎኑ ስለነበረው አንድም ቃል አልሰማሁም። ይሄ እንዴት ይሆናል? ማንም አልዋሸኝም እኮ።

ስንወጣ ሊንከን ሴንተር ፏፏቴው አጠገብ ቆምን። ባልደረባዬ ኮቷን ትቆልፋለች። «በዚያው ዓመት እናንተ አገር…» ብዬ ጀመርኩ። ሜክሲኳዊ ባገኘሁ ቁጥር የምለው ነው። ማሞን ሳልነግረው የለቀቅሁት ሜክሲኳዊ የለም። ያን ምሽት ግን ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ምን?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

ትንሽ ሄደን ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ስንደርስ እሷ ተናገረች። «እናቴ እስክትሞት ድረስ ያ ቀን ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም» አለች። ከዚያ በላይ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። እሷ ወደ ብሮንክስ፣ እኔ ወደ ሌላ አቅጣጫ።

ባቡሩ ውስጥ ሆኜ የማሞን ሌላኛውን ታሪክ አሰብኩ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ በተገደለ አንድ ወጣት ጉዳይ ተጠርጥሮ ታሰረ። አልገደልኩም አለ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ከርሞ በ1994 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ወጣ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ በዚህ የምለው የለኝም። የማስታውሰው የእኛን ቤት ነው።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እኛው ግቢ ውስጥ ትኖር ነበር። አባቴ እትዬ ስለሚላት ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ልጇን በታኅሣሥ 1970 ከቤት ወሰዱት። 18 ዓመቱ ነበር። አልተመለሰም። የእሱ ነገር ከማሞ ጋር የሚያገናኘው አንዳች የለም። ግን የማሞ መታሰር በሬዲዮ የተነገረ ቀን እትዬ ቡና እየቀዳች ነበር። ቀይ ሽብር የሚለው ቃል ሲጠራ ጀበናው ለአንድ አፍታ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ መቅዳቷን ቀጠለች። አንድም ጠብታ ረከቦቱ ላይ አልወደቀም። አባቴ ተነስቶ ሬዲዮውን አጠፋው። ፎቶው ከግድግዳው አልወረደም። እትዬም ይውረድ አላለችም። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለፈ ገብቶኛል፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ስለ ሦስተኛው ሰው ግን ተረቱ ምንም አይልም። ስላልወጋውና ስላልተወጋው። እዚያው ቤት ተቀምጦ ሬዲዮ ስለሚያጠፋው።

እርሾ

ሆሣዕና ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እንደ ሁልጊዜው ዘንባባ ጣቴ ላይ አስሬ ነበር። የኤል ኒኖ መጨረሻ ትዝ አለኝ። እስካሁን አልነገርኳችሁም። ከዚያ ሁሉ እልቂት በኋላ ሥራው ወደ ስደቱ ይገባል። በዋሻ አጠገብ ዘንዶዎች ይወጣሉ። ሕፃኑ ከእናቱ ጭን ወርዶ በእግሩ ፊታቸው ይቆማል፤ ዘንዶዎቹ ይሰግዱለታል። ከዚያ በረሃ ነው። እናቱ ደክሟት ዘንባባ ሥር ትቀመጣለች፣ ፍሬውን ታያለች፣ ዛፉ ረጅም ነው። ሕፃኑ ዘንባባዋን አጎንብሺ ይላታል። ታጎነብሳለች። ከሥሯም ውኃ ይፈልቃል።

ይሄንን ሲያሰሙ ያ ትልቅ ኦርኬስትራ ቀስ በቀስ ይለቃል። የሚቀረው ጊታርና የልጆች ድምፅ ነው። የእውነት ልጆች። ምሽቱን ሁሉ ልጆች ሲገደሉ ስንሰማ ቆይተን፣ መጨረሻ ላይ ልጆች ራሳቸው ወጥተው ዘመሩ። ሙዚቃው በታላቅ ድምፅ አይዘጋም። ሰው ጆሮውን እንዳቀና ያልቃል። አንዳንዱ ማጨብጨብ ያለበት መሆኑ ዘግይቶ ነው የገባው።

ለእትዬ የደወልኩት ግን ወራት ቆይቼ ነው። ጥቅምት 2017፣ ወርኃ ጽጌ ውስጥ። በየሳምንቱ እንደዋወላለን፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ማን አገባ ማን ሞተ። 84 ዓመቷ ነው። ያን ቀን «እትዬ፣ የሆነ ነገር አይቼ ነበር» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሄሮድስ፣ ስለ ሜክሲኮ ተማሪዎች፣ ስለ ተጠረገው አደባባይ። በማግስቱ ማንም እንዳላለቀሰ፣ ጋዜጣው ስለ አየር እንዳወራ። እየተናገርኩ ሳለሁ ለማን እያወራሁ እንደሆነ ድንገት ገባኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። አፈርኩና ወሬውን ወደ ዘንባባዋ አዞርኩት።

«ዛፏ ለልጁ አጎነበሰችለት» አልኳት።

«ታዲያ ታጎንብስ እንጂ» አለች። «እናቱ ርቧት?»

ከዚያ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያልጠየቅሁትን ጠየቅኋት። «እትዬ፣ ያኔ አላለቀስሽም?»

«በየት በኩል አለቅሳለሁ የኔ ልጅ። ክልክል ነው ተባለ። ድንኳን የለ። ነጠላ ማዘቅዘቅ የለ። ደረት መምታት የለ።»

«ሰውስ አልመጣም?»

«መጣ እንጂ። ሰው መች ይቀራል። እርሾ ልዋስ እያለ መጣ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ ብላ ነገረችኝ። በማግስቱ ጠዋት አንዷ ጎረቤት ባዶ ኩባያ ይዛ መጣች። እርሾ አልቆብኝ ነው አለች፣ በር ላይ ላለ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብላ። ገባች። እትዬ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠች። እጇን እትዬ ጉልበት ላይ አሳረፈች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ጥቂት ቆይታ እርሾዋን ይዛ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛዋ መጣች። እሷም ኩባያ ይዛለች። ሦስተኛዋ ጣሳ። አራተኛዋ የልጅ ጡጦ ነበር የያዘችው፤ ያገኘችውን አንስታ ነው የመጣችው። ሁሉም ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ዝም አሉ፣ ወጡ።

«በአንድ ቀን ሰባት ሴት እርሾ ወሰደ» አለች። «ሲመሽ ቡሃቃዬ ባዶ ሆነ። የማቦካበት ጠፋ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«በማግስቱ መለሱልኛ። ብድር አይደል? ደግሞ አንድ በአንድ መጡ። ገቡ፣ ተቀመጡ። ያኔ ነው ልቅሶ የተደረሰኝ።»

ጠባቂው ኩባያውን ያያል፣ እርሾውን ያሸታል፣ ያሳልፋል። ምን ይላል? እርሾ መዋዋስ ክልክል አልተባለም። አደባባዩን ቢጠርጉትም እነዚያ ሴቶች ጓዳ ለጓዳ ሄደው ነበር። ስለ ገናውም ጠየቅኋት። ልጇ ከተወሰደ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው ገና የገባው። «ጋገርኩ» አለች። «በሰባት ቤት እርሾ የተቦካ እንጀራ ነው ያን ገና የበላነው።»

ዝም ብለን ቆየን። ከኋላዋ የሠርክ ጸሎት በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ከዚያ እሷ ጠየቀችኝ።

«ያቺ ያልሽኝ ዘፋኝ፣ የልጆቹን ስም ጠራች?»

«አልጠራችም እትዬ። ግጥሙ ውስጥ ስም የለም።»

መልስ የለም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

ከዚያ የልጇን ስም ጠራች። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ቀበሌ ቀርቦ እንደሚመዘገብ ሰው፣ ቃል በቃል፣ ሳትቸኩል። በዚህ ሁሉ ዓመት «ልጄ» ስትል እንጂ ስሙን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ይሰማኛል እትዬ።»

እንደገና ጠራችው።